ሳይነፋ የቀረው ሐይቅ

ልጅ እያለሁ ምራቄ ናስ ናስ ይል ነበር። እናቴ ማታ ስትስመኝ ፊቷን ታኮሳትርና «ዛሬም የበር እጀታ ስትልሺ ዋልሽ?» ትለኝ ነበር። ከትምህርት ቤት መልስ ደብተሬን እንደያዝኩ ወደ ጆንያ ፋብሪካው እሮጣለሁ። ከፋብሪካው ጀርባ ባዶ መጋዘን ነበረ፤ በመጋዘኑ ውስጥ ቁልፍ ያለው የእንጨት ሣጥን፣ በሣጥኑ ውስጥ አራት ትራምፔት፣ ሁለት ትሮምቦንና ጎኑ የተጨረማመተ አንድ ቱባ የሚሉት ትልቅ መለከት። በእኔ ዕድሜ ያላችሁ የአቃቂ ልጆች አትረሱትም፤ የሠራተኛ ልጆች ማርሽ ባንድ ይባል ነበር። መጋዘኑ ቃጫና የማሽን ዘይት ይሸታል። ስንነፋ ከጣሪያው የቃጫ ብናኝ እንደ ካፊያ ይወርድብናል፤ ብናኙ ያስነጥሰናል፤ ስናስነጥስ ማርሹ ይሰበራል፤ ማርሹ ሲሰበር እንመታለን።

የሚመቱን ጋሽ ወርቅነህ ነበሩ። በፊተኛው መንግሥት የሠራዊቱ ሙዚቀኛ፣ በእኛ ጊዜ የፋብሪካው ጥበቃ። ሠራዊቱ ሲበተን የተሳፈሩበት መኪና ተገልብጦ አራት የፊት ጥርሳቸውን አጥተዋል። ሌላ ሰው ቢሆን ቆሎ መቆርጠም ቢቸግረው ነው። ትራምፔት ነፊ ግን ከንፈሩ ከኋላው የሚደገፍበት ግድግዳ ከሌለው አለቀለት፤ አየሩ ይበተንበታል። ሰው ሠራሽ ጥርስ ቢያስገቡም ሊነፉ ሲሞክሩ እየተንሸራተተ ስላስቸገራቸው፣ መሐረብ ውስጥ ጠቅልለው የሸሚዝ ኪሳቸው ውስጥ ይከቱትና በአፋቸው እያዜሙ ያሳዩናል። ያን ጊዜ ጉንጫቸው ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፣ «ሰ»ው ይፏጫል። እኛ ከንፈራችንን ነክሰን መሬት መሬት እናያለን። ከሳቅን የከበሮው ዘንግ ባታችን ላይ ያርፋል።

ሲያስተምሩ ምሕረት የላቸውም። ከንፈራችን እንዲጠነክር እርሳስ በከንፈር ብቻ አስይዘው፣ ጥርስ ሳይነካው፣ ግድግዳ ላይ ያቆሙናል። እርሳሱን የጣለ ይገረፋል። አልቅሶ የጣለ ሁለት ጊዜ ይገረፋል። የፈለጉት ግን አንድ ነገር ብቻ እንደነበረ ሁላችንም እናውቃለን፤ ራሳቸው መንፋት የማይችሉትን ሙዚቃ በእኛ አፍ መስማት።

ሙዚቃው ስለ አቃቂ ወንዝ ነበር። ወታደር ቤት እያሉ፣ የተወለዱበትን ወንዝ እያሰቡ የጻፉት ነው። አራት ክፍል አለው፤ «ምንጩ» በአንድ ትራምፔት ብቻ ይጀምራል፣ «ገደሉ» ከበሮና ትሮምቦን ነው፣ «ሜዳው» ማርሽ ነው፣ መጨረሻው «ሐይቁ» ወንዙ አባ ሳሙኤል ግድብ ገብቶ ዝም የሚልበት ነው። አንድ ቀን ወንዙን እንድንሰማው ብለው ድልድዩ ሥር ይዘውን ወረዱ። ውሃው ያን ቀን እንደ ወይን ጠጅ ቀልቶ፣ አረፋ ተሸክሞ ነበር የሚወርደው። ሁላችንም አፍንጫችንን ያዝን።

«ልቀቁ» አሉ ጋሽ ወርቅነህ።

«ይከረፋል እኮ ጋሼ» አለ ሙራድ። ሙራድ ፋብሪካው በር ላይ ያለው ሱቅ ባለቤት የሆነው የስልጤው ሰውዬ ልጅ ነው።

«በአፍንጫህ ነው እንዴ የምትነፋው? ጆሮህን ስጠው።» ከዚያ ለራሳቸው ይመስል፣ «እኔ ዋና የተማርኩት እዚህ ነው» አሉ። ማናችንም አላመንናቸውም።

ኖታ ማንበብ አናውቅም ነበር። ስለዚህ ጋሽ ወርቅነህ ከሠራዊት የመጣ ዘዴ ነበራቸው፤ ለእያንዳንዱ ዜማ ቃል ይሰጡታል። «ዜማ ራቁቱን አይያዝም፤ ልብስ ይፈልጋል» ይላሉ። ቃሉን በልባችን እያልን እንነፋለን፣ ጣታችን ቃሉን ይከተላል። ግጥም ሲገጥሙ ግን እንጨት ናቸው። እኔ ደግሞ ያኔም አፌ አያርፍም ነበር፤ አንድ ሁለቴ ሳስተካክልላቸው አይተው ልብስ መስፋቱን ለእኔ ተዉት። ለ«ሜዳው» ይህን ሰጠኋቸው፦

ከጋራ ወርዶ ሜዳ ለሜዳ፣
ወንዛችን መጣ እንደ እንግዳ።

«ጥሩ ነው፤ ትንሽ ይሰፋዋል፣ ግን ጥሩ ነው» አሉኝ። ልክ ነበሩ፤ ቃሉ ዜማው ላይ ይንቧቀቃል።

እኔ የምፈልገው ግን ልብስ ሰፊነት አልነበረም፤ «ምንጩን» ብቻዬን መንፋት ነበር። ሁለት ወር ሙሉ ተለማመድኩት። ከንፈሬ ተሰነጣጥቆ ሽንት ቤት ገብቼ ደሜን እጠርግ ነበር። በፈተናው ቀን መሀል ላይ ድምፄ ተሰበረ። ጋሽ ወርቅነህ ዘንጉን አላነሱም። ብቻ ባንዱ ሁሉ እየሰማ፣ «ያንቺ ከንፈር ለወሬ እንጂ ለትራምፔት አልተሠራም። ሁለተኛ ትራምፔት ሁኚ። ሙራድ፣ አንተ ንፋ» አሉ። ሙራድ አንድ ጊዜ ነፋው፣ በቃ፣ ምንጭ ሆነ። ልጆቹ ከዚያ ቀን ጀምሮ «ከንፈር» ብለው ይጠሩኝ ጀመር። «ከንፈር፣ ዘንጉን አቀብዪኝ።» «ከንፈር፣ እናትሽ ትጠራሻለች።»

በዘንግ ቢመቱኝ ኖሮ አለቅስና እረሳው ነበር። በቃል ስለመቱኝ በቃል መለስኩ። ያን ዕለት ቤቴ እስክደርስ፣ በባቡር ሐዲዱ ላይ እየተራመድኩ፣ ለ«ሜዳው» ሌላ ልብስ ሰፋሁለት፦

የጋሼን ጥርሶች ወንዙ በላና፣
ይኸው ከረፋ ሆዱን ነፋና።

ሳልደክም መጣልኝ። ማታውን ገመድ ለሚዘሉ የሰፈራችን ሴቶች ልጆች ሰጠኋቸው። ለገመድ ልክ ነበር፤ «ከረፋ» ላይ አንድ ዝላይ፣ «ነፋና» ላይ አንድ። በሳምንቱ ማዶ ሰፈር ተሻገረ። በሁለተኛው ሳምንት ከቃሊቲ በሚመጣ ሚኒባስ ውስጥ አንድ ሕፃን እናቱ ጭን ላይ ተቀምጦ ሲለው ሰማሁ። እናቴም ሰማች። የማን እንደሆነ አልጠየቀችኝም። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው» አለች።

ጋሽ ወርቅነህ ግን አልሰሙም። ማለቴ ዜማውን ሰምተዋል፣ ቃሉን አልሰሙም። እሳቸው ብቅ ሲሉ ልጆቹ አፋቸውን ዘግተው በአፍንጫቸው ብቻ ያዜሙ ነበርና። አንድ ቀን መጋዘኑ ውስጥ ሳያስቡት ፈገግ ብለው ገቡ። «ትናንት ሕፃናት በ«ሜዳው» ገመድ ሲዘሉ ሰማሁ» አሉ። «እኔ አላስተማርኳቸውም። እናንተ ናችሁ ያደረሳችሁት። ሙዚቃ ሕዝብ ውስጥ ገባ የሚባለው እንዲህ ሲሆን ነው።» ያን ቀን ማንንም አልመቱም። እኛ የቱባውን ጎን እያየን ሳቃችንን ዋጥን። አንዱ ከበሮ መቺ አልቻለም፤ ያሳለ መስሎ ወጣ። ጋሽ ወርቅነህ ውሃ እንድንሰጠው ላኩን።

በዚያው ሰሞን ፋብሪካው ለግለሰብ ተሸጠ። አዲሱ ባለቤት መጋዘኑን ለዕቃ ማስቀመጫ ይፈልጉታል፣ መሣሪያዎቹም ይሸጣሉ የሚል ወሬ መጣ። ጋሽ ወርቅነህ ቢሮ ለቢሮ ዞረው አንድ ዕድል ለመኑ፤ በርክክቡ ዕለት ባንዱ ሙዚቃውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዲያሰማ፣ ባለቤቱም ሰምተው እንዲወስኑ። «ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል ብያቸዋለሁ» አሉን። መናገር ነበረብኝ። ለሙራድ ነገርኩት፤ «አንቺ ከንፈር፣ አርፈሽ ተቀመጪ፤ ማን ይዘፍናል በስብሰባ ላይ?» አለኝ። አረፍኩ። ደግሞም፣ ልዋሽ አልችልም፣ የሚሆነውን ትንሽ ማየት ፈልጌ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ነው። የፋብሪካው ግቢ ውስጥ ድንኳን ተተክሏል፤ ከፊት እንግዶቹ፣ ከኋላ ሠራተኞቹ፣ አጥሩ ላይ ልጆች እንደ ወፍ ተደርድረዋል። ጋሽ ወርቅነህ የወታደር ቤት ኮታቸውን ለብሰዋል፤ ጥርሳቸው በቦታው ነው። ሙራድ «ምንጩን» ነፋ። እኔ እንኳ ቅናቴን ረሳሁ። «ገደሉ» ላይ ባለቤቱ ከጎናቸው ካለው ሰው ጋር ማውራት አቆሙ። ጋሽ ወርቅነህ እየመሩን ፈገግ ሲሉ አየሁ። ከዚያ «ሜዳው» ገባ።

አጥሩ ላይ ያሉት ልጆች ክፋት አልነበራቸውም። የሚያውቁት ዜማ መጣ፣ የሚያውቁትን ቃል አወጡ፣ በቃ። ለእነሱ ያ ዜማ ሌላ ቃል ኖሮት አያውቅም፤ ዝፈኑ ተብለው የተጠሩ ነው የመሰላቸው። በአንድ ድምፅ፣ እያጨበጨቡ፣ «የጋሼን ጥርሶች ወንዙ በላና» አሉ። ከሠራተኞቹ መሀል ሳቅ ፈነዳ። አንዳንዶቹም አብረው አሉት። እኛ መንፋቱን አላቆምንም፤ የጋሼ እጅ አልቆመማ። ጀርባቸው ለሕዝቡ፣ ፊታቸው ለእኛ ነበር። ፊታቸውን ያየነው እኛ ብቻ ነን።

ባለቤቱ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ቆመው አጨበጨቡ። «አንቱ ቀልደኛ ሰው ነዎት! በራስዎ የሚቀልዱ ሙዚቀኛ አይቼ አላውቅም» አሉ። «እስቲ ይቺን ይድገሟት።»

ጋሽ ወርቅነህ ዞር ብለው እጅ ነሡ። ደገምን። አሁን እንግዶቹም ቃሉን ይዘውታል። አንዴ ደግሞ ተባለ፤ አንዴ ደግሞ ነፋን። ለሦስተኛ ጊዜ የራሳቸውን ስድብ፣ ምቱን ሳያዛንፉ፣ በሁለት እጃቸው መሩት። ሲያልቅ «ሐይቁን» ልንጀምር ትራምፔታችንን አነሣን። አስተናባሪው ግን ምሳ እንደደረሰ ተናገረና ወንበር ሁሉ ተንኳኳ።

ባለቤቱ ሲያልፉ የጋሽ ወርቅነህን ትከሻ መታ መታ አደረጉ። «ባንዱ ይቀጥል። ለበዓል ለበዓል ይቺን ታሰሙናላችሁ» አሉ። መጋዘኑ ተረፈ። መሣሪያዎቹ ተረፉ። ሙራድ በደስታ ጎሸመኝ።

መሣሪያዎቹን ሣጥን ውስጥ ስንከት ጋሽ ወርቅነህ አጠገቤ መጡ። ባቴን ለዘንጉ አዘጋጀሁ።

«ያንቺ ልብስ ነው አይደል?» አሉኝ።

ትራምፔቴን መወልወሌን ቀጠልኩ።

«ስፌትሽን አውቀዋለሁ። ከፊተኛው ይሻላል። ዜማው ላይ የትም አይሰፋም።» ጥርሳቸውን አውጥተው በመሐረብ ጠቀለሉ። «ሐይቁን ግን ሳይሰሙት ቀሩ» አሉ፣ «ሰ»ው እየፏጨ። የሣጥኑን ቁልፍ ለሙራድ ሰጥተው ወጡ። ከዚያ ወዲያ መጋዘኑን አልረገጡም። የጥበቃ ሥራቸውንም በወሩ ለቀቁ። እኔም ይቅርታ አልጠየቅኳቸውም፤ ቤታቸውን አውቀዋለሁ፣ አሥር ደቂቃ አያስኬድም ነበር። ዘጠነኛ ክፍል ሆኜ ሞቱ። ለቀብራቸው አልሄድኩም።

ዛሬ መጋዘኑ ሲሚንቶ ይራገፍበታል፤ ባንዱ አስተማሪ አጥቶ በሁለተኛው ዓመት ፈረሰ። ወንዙ አሁን ቀለም እንኳ አይለዋውጥም፣ ጥቁር ነው። እኔ ግጥም እጽፋለሁ። ማንም አላስተማረኝም ብዬ እኮራለሁ፤ ውሸቴን ነው። ከተማ ወጥቼ አንዳንድ መድረክ ላይ አነባለሁ፣ ይጨበጨብልኛል፣ በማግስቱ አንዲት መስመር የሚያስታውስልኝ ሰው የለም። በአሥራ አንድ ዓመቴ የሰፋኋትን ግን፣ ጋሼ ማን እንደሆነ የማያውቁ ልጆች ዛሬም ይዘሉባታል።

ባለፈው ሳሪስ የሙራድ ሱቅ ጎራ አልኩ። አሁን ቀለምና ቧንቧ ይሸጣል፣ ሆድ አውጥቷል። «ከንፈር» ብሎ አቀፈኝ። ስለ ጋሽ ወርቅነህ ሳነሣበት ሳቀና ባንኮኒውን እየደበደበ የእኔን ቃል ዘፈነው፤ ሠራተኛውም ተቀበለው።

«ሐይቁን ታስታውሰዋለህ?» አልኩት። «አራተኛውን። ዜማው አንተ ጋ ነበር።»

«የምን አራተኛ? ሦስት አልነበረም እንዴ?»

ጣቱን አንሥቶ በአየር ላይ የትራምፔቱን ሦስት ቁልፎች ተጫናቸው፣ ትንሽ አሰበ። «ኧረ ጠፍቶኛል። ልብስ ሰፍተሽለት ነበር?»

አልሰፋሁለትም ነበር። ለእሱ ሳልደርስ ነው ክፉዋን ሰፍቼ የተቀመጥኩት። ጋሽ ወርቅነህ ቃል ሳይኖረው፣ በዘንግ ብቻ ነበር ያስያዙን። ሁለተኛ ትራምፔት ስለነበርኩ የማውቀው የራሴን ድርሻ ብቻ ነው፤ ሦስት ረጃጅም ድምፅ፣ ከዚያ ሙራድ ዜማውን እስኪነፋ ስምንት መቁጠር፣ እንደገና ሦስት። አንዳንድ ጊዜ ድልድዩ ላይ ስደርስ አንጎራጉረዋለሁ። ሦስቱን እላለሁ፣ ዝም ብዬ እስከ ስምንት እቆጥራለሁ፣ ከሥሬ ያ ጥቁር ውሃ ወደ አባ ሳሙኤል ይወርዳል።