መገንጠያውን ያለፈው ባለ ክራር

ከዳንግላ ወደ እንጅባራ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ክራሩን በጋቢ ጠቅልሎ ታቅፎታል። የኮቱ ክርን አልቋል፤ ጥፍሮቹ ግን በጥንቃቄ የተሞረዱ ናቸው። ሾፌሩ ዘፈን ሲከፍት ሰውየው ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

“ዘፋኙን ያውቁታል?” አልኩት።

“ሠርግ ላይ አብረን ነው የጀመርነው። እኔ አንድ ዜማ ለማውጣት ክረምቱን ሙሉ ስታገል እከርማለሁ፤ እሱ የጫማውን ክር እያሰረ ያወጣዋል።” ጆሮውን ወደ ዘፈኑ ጣል አድርጎ፣ “መቸኮል ግን ይወዳል። ይኸው፣ እዚህ ጋ ቸኮለ” አለኝ።

ጣቶቹ በጋቢው ላይ ዜማውን አንድ ቦታ እንኳ ሳይስቱ ይከተሉት ነበር።

ረዳቱ ዞር አለ። “ጋሼ፣ መገንጠያው ላይ እወርዳለሁ አላሉም? አልፈነው መጣን እኮ።”

“አይቻለሁ” አለ ሰውየው ቀስ ብሎ። “ዘፈኑ ይለቅና እወርዳለሁ።”