በሁዳዴ የተፈቀደ ወተት

ያን ቀን ቤት ውስጥ ባለቤቴ፣ ወንድሙ፣ የንስሐ አባታችን፣ እኔና የታመመችው የአሥራ ስድስት ዓመት ልጄ ነበርን። ባለቤቴና ወንድሙ ልጄን ከደብረ ብርሃን ሐኪም ቤት ሲመልሷት «እብጠት ነው፣ ይድናል» ብለውኝ ነበር። አባ ግን እኔ ሳልጠይቃቸው በሁዳዴ ወተት እንድትጠጣ ፈቀዱላት።

«አባ፣ ለእብጠት ተብሎ ጾም ይገደፋል? ምን ነግረውዎት ነው?» አልኳቸው።

አባ ባለቤቴን አዩት፤ ባለቤቴ ወንድሙን።

«እማዬ፣ ካንሰር ነው፤ ሲነጋገሩ ሰምቻለሁ» አለች ልጄ። «አሁን አባ ሐሳባቸውን ሳይቀይሩ ወተቱን ስጪኝ።»

ሰጠኋት። እንድትድንልኝ ለእመቤታችን ተሳልኩ፤ ለፋሲካ ሳትደርስ አረፈች። ዛሬም ሰው «ይድናል» ሲል ፊቱን አያለሁ።

ሐኪም ቤት አጠገቧ የተኛች፣ ሕመማቸው አንድ የሆነ ከመርሐቤቴ የመጣች ልጅ እንደነበረች ልጄ ነግራኝ ነበር። የምታውቋት ካላችሁ እውነቱን ንገሩኝ፤ በሕይወት አለች?