ለዘሃራ ቤት የመረጥኩት ኢንቨርተር

ሪያድ ውስጥ የሶላር ሥራ በጀመርኩበት ቀን እጄን ተቃጠልኩ። ባዲዓ በሚባለው ሰፈር ካለው ወርክሾፓችን በፒካፕ ወጥተን አንድ ቪላ ጣሪያ ላይ ነበርን። ፓነሉ የሚያርፍበትን ብረት አጥብቄ ጨረስኩና መፍቻዬን ሲሚንቶው ላይ አስቀምጬ ውኃ ልጠጣ ሄድኩ። ተመልሼ ሳነሳው የመዳፌን ቆዳ ላጠው።

የቡድናችን አለቃ ሱዳናዊው ሙሐንዲስ ሰላሕ ነበሩ። ፀጉራቸው የሸበተ፣ ሲናገሩ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሰው ናቸው። እጄን አይተው አልተቆጡም።

«ስንት ዓመት ኤሌክትሪሻን ሆነህ ሠርተሃል?» አሉኝ።

«ዘጠኝ ዓመት። ኮምቦልቻ፣ ፋብሪካ ውስጥ።»

«እዚያ ፀሐይ አልነበረም?»

«ነበር እንጂ።»

«የዚህኛው ሌላ ነው። ያላ፣ ቶሎ እጅህን ውኃ ውስጥ ንከር።»

ኢቃማ በሚሉት የመኖሪያ ፈቃዴ ላይ የተጻፈው ሙያ «ተራ ሠራተኛ» የሚል ስለነበር የመጀመሪያውን ዓመት ፓነል ተሸክሜ ደረጃ ስወጣ ስወርድ ከረምኩ። በሁለተኛው ዓመት ኬብል እንድዘረጋ፣ በሦስተኛው የብሬከር ሳጥን እንዳስር ተፈቀደልኝ። አንድ ቀን ጠዋት ሙሐንዲስ ሰላሕ ክላምፕ ሜትራቸውን፣ ያንን ኬብል ላይ ነክሶ ስንት አምፔር እንደሚያልፍ የሚያነበውን መሣሪያ፣ አውጥተው ሰጡኝ። ቴክኒሽያን መሆኔን ያወቅኩት በዚያ ነው።

ከዚያ በኋላ ዋናው ሥራዬ ለመኖሪያ ቤት ሃይብሪድ ኢንቨርተር መምረጥ ሆነ። ለማያውቀው ልንገር፤ ኢንቨርተር ከፓነል የሚመጣውን ኤሌክትሪክ ለቤት ዕቃ እንዲሆን አድርጎ የሚቀይር ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ሳጥን ነው። ሃይብሪድ የሚባለው ደግሞ ከፀሐይም፣ ከባትሪም፣ ከመንግሥት መስመርም እያፈራረቀ ይወስዳል። ደንበኛ ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው ስንት ኪሎዋት እንደሆነ ብቻ ነው። ሙሐንዲስ ሰላሕ ግን ሌላ ሌላውን ያስጠይቁኝ ነበር። ሞተር ያለው ዕቃ ሲነሳ ምን ያህል ይስባል? የሚሰቀልበት ግድግዳ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ያገኘዋል? መስመሩ ሲቋረጥ የግድ መብራት ያለበት የትኛው ክፍል ነው?

የመጨረሻው ጥያቄ ክብደት የገባኝ ሺፋ የሚባል ሰፈር ውስጥ ነው። አቡ ሳሊሕ የሚባሉ ጡረታ የወጡ መምህር አስጠሩን። በቤቱ እየዞሩ በመቁጠሪያቸው ጫፍ ያመለክቱኛል፤ የእንግዳ መቀበያው ማቀዝቀዣ፣ ትልቁ ቴሌቪዥን፣ የውጭው በር መብራቶች። እሳቸው ያሉትን ሁሉ ጻፍኩ። ልወጣ ስል በግማሽ ከተከፈተ በር ጀርባ የሴት ድምፅ መጣ። ባለቤታቸው ኡም ሳሊሕ ነበሩ።

«አንተ ቴክኒሽያን፣ እኔን አልጠየቅከኝም» አሉ።

«ይቅርታ፣ እናቴ። ይንገሩኝ።»

«እናቴ ታች ክፍል ናቸው፤ አልጋ ላይ ከዋሉ ሁለት ዓመታቸው። ጀርባቸው እንዳይቆስል የተኙበት ፍራሽ በሞተር የሚነፋ ነው። መብራት ሲጠፋ ይሟሽሻል። እኔ እየተነሳሁ አገላብጣቸዋለሁ።»

አቡ ሳሊሕ ወደ በሩ ዞሩ። «ፍራሹ በኤሌክትሪክ ነው እንዴ?» አሉ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «የጻፍከውን ቅደደው» አሉኝ። ከፈለጉት ያነሰ ኢንቨርተር አስገባን። የአሮጊቷ ክፍል ለብቻው መስመር ወጣለት፤ የእንግዳ መቀበያው ማቀዝቀዣ ቀረ።

ይህን ሁሉ አይቼ ነው እንግዲህ በራሴ ቤት የተሳሳትኩት።

ኮምቦልቻ ያለውን ቤት በስልክ ነው የሠራሁት። ባለቤቴ ዘሃራ ግንበኛ ትቆጣጠራለች፣ እኔ ከዚህ እልካለሁ። ካለቀ በኋላ የተኛሁበት በአንድ የዕረፍት ፈቃድ፣ አርባ አምስት ቀን ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ዘሃራና ሁለቱ ሴቶች ልጆቼ ይኖሩበታል። ሰፈሩ መብራት ይጠፋበታል። በጠፋ ቁጥር ዘሃራ ትደውልልኛለች።

«ጀማል፣ ጠፋ» ትላለች።

«አይዞሽ፣ ይመጣል።»

እስኪመጣ እናወራለን። እሷ ጨለማ ውስጥ ተቀምጣ፣ እኔ ባዲዓ የሠራተኞች የጋራ ክፍላችን ውስጥ መብራት ስር ሆኜ። የጎረቤት ሠርግ፣ የልጆች ትምህርት፣ የአጥሩ ቆርቆሮ። አንዳንዴ አንድ ሰዓት እንቆያለን። ከዚያ «መጣ!» ትልና ልጆቹ ከኋላ ሲጮኹ ይሰማኛል።

ለሰው ቤት መብራት ሳስገባ ኖሬ የራሴ ጨለማ መሆኑ አንገበገበኝ። ስለዚህ ኢንቨርተር መረጥኩ። ለአቡ ሳሊሕ ያስገባነውን ዓይነት፤ ከማውቀው ሁሉ የሚሻለውን። የቤቱን ዕቃ ከራሴ ጭንቅላት ጻፍኩ። አንድ ፍሪጅ፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ ስምንት አምፖል፣ የውኃ ፓምፕ። ኸላስ፣ አለቀ። ዲራ ገበያ አጠገብ ባለ የካርጎ ሱቅ በኩል ላክሁት። ፓነሉንና ባትሪውን እዚያው አገር ቤት ገዙ፤ የሰፈሩ ኤሌክትሪሻን ገጠመው። የበራ ዕለት ዘሃራ በቪዲዮ መንገዱን አሳየችኝ። ሰፈሩ ጨለማ ነው፤ የእኛ መስኮት ብቻ ቢጫ ሆኖ ይታያል። ወርክሾፑ መጋዘን ገብቼ አለቀስኩ።

ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ በሥራ ሰዓት ደወለች። በሥራ ሰዓት አትደውልም ነበር።

«ሞቱ» አለች።

«ማን? ማን ሞተ?»

«እንቁላሎቹ።»

«የምን እንቁላል ነው የምታወሪው?»

«የጫጩት መፈልፈያ ገዝቼ ነበር። ሳልነግርህ። አሥራ ዘጠኝ ቀን ሞልቷቸው ነበር፤ ሁለት ቀን ነው የቀራቸው። ሌሊት መብራት ሄደ፣ ያንተም ሳጥን አብሮ ጠፋ። ጠዋት ስነካቸው ቀዝቅዘዋል።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሲሳካልኝ ልነግርህ ነበር። ሁልጊዜ መጥቼ ምን እሠራለሁ ትላለህ። የምትሠራው ይኑርህ ብዬ ነው።»

የማውቀው ሥራዬን ነውና ወደ እሱ ሸሸሁ። «ሳጥኑ ላይ ያለውን ቁጥር አንብቢልኝ» አልኳት።

አነበበችልኝ። የመንግሥት መስመር ሁለት መቶ ሃያ መሆን ሲገባው በቀን እንኳ አንድ መቶ ስድሳ ሁለት ቮልት ነበር። ያን ጊዜ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ገባኝ። ያ ኢንቨርተር መስመሩ ከአንድ መቶ ሰባ ቮልት ሲወርድ እንደተቋረጠ ቆጥሮ ወደ ባትሪ ይዞራል። ሪያድ ይህ አያጋጥምም፤ መስመሩ ቀጥ ብሎ ይውላል፣ ቀጥ ብሎ ያድራል። ኮምቦልቻ ግን ሲመሽ ሁሉም ያበራል፣ መስመሩም ይብሱን ይደክማል። ሳጥኑ መብራት እያለ የለም እያለ ማታ ማታ ባትሪውን ሲጨርስ ኖሯል። መብራቱ የእውነት የጠፋ ሌሊት የቀረው ነገር አልነበረም። ዘጠኝ ዓመት የሠራሁበት መስመር ነው። አምፖሉ ሲደክም፣ ሞተሩ ሲያቃስት በጆሮዬ ብቻ ቮልቱን እገምት ነበር። የአገሬን መብራት ረሳሁት።

ለሙሐንዲስ ሰላሕ ነገርኳቸው። ይስቁብኛል ብዬ ነበር።

«ኻርቱም ቤት አለኝ» አሉኝ። «ጦርነቱ ሳይነሳ እንኳ ማብሪያ ማጥፊያው በየትኛው ግድግዳ እንደሆነ ጠይቀኸኝ ቢሆን አላውቅም ነበር። አሁን ቤቱም ይኑር አይኑር አላውቅም። ያንተ ሰው ስልክ ታነሳለች። ጠይቃት።»

ክላምፕ ሜትር ገዝቼ ወደ አገር ለሚገባ የአገሬ ልጅ ሰጠሁት። በደረሰላት በሳምንቱ፣ ዓርብ ቀን፣ ዘሃራ መሣሪያውን ይዛ ቤቱን ዞረች። እኔ በስልክ እየሰማሁ እጽፋለሁ።

«ይሄ አንድ ነጥብ ሁለት ይላል።»

«ምንድን ነው እሱ?»

«የልብስ ስፌት መኪና። አምና የገዛሁት።»

«እሺ። ቀጥሎስ?»

«ኧረ ይሄኛው ስድስት አለ! የሐያት ፀጉር ማድረቂያ ነው።»

ሐያት ትልቋ ልጄ ናት። እኔ ስወጣ ፀጉሯን የምትጎነጉንላት እናቷ ነበረች። ፓምፑም እኔ በማውቀው በጓሮ አልነበረም፤ ጭቃ ሲያስቸግራት ወደ ፊት ለፊት አዛውራዋለች። ሲነሳ ድምፁን ሰማሁት፤ እንደ ድሮው ያጓራል። አንድ ገጽ ተኩል ሞላ። ግማሹ ዕቃ ቤቴ ውስጥ እንዳለ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ዘሃራ ከሦስት ሰዓት በላይ ስትዞር አልሰለቻትም፤ እኔም እንዳያልቅብኝ «እስቲ እንደገና ለኪው» እያልኩ አንዳንዱን ሁለት ጊዜ አስለካኋት።

ሁለተኛውን ኢንቨርተር በዚያ ወረቀት መረጥኩ። ስሙ እንደ መጀመሪያው የገነነ አይደለም። ግን መስመሩ ወደ መቶ ቮልት ቢወርድም ይቀበላል፤ የፓምፕ ሞተር ሲነሳ አይደነግጥም፤ ቢበላሽ አዲስ አበባ መለዋወጫ ይገኝለታል። መፈልፈያው የራሱ መስመር ወጣለት። ፓምፑ ፀሐይ ሳለ ብቻ እንዲሠራ ተስማማን።

ዘሃራ እንደገና እንቁላል አስገባች። በሃያ አንደኛው ቀን እኔ ሺፋ ጣሪያ ላይ ኬብል እየሳብኩ ሳለ ስልኬ ጮኸ። ምንም ሳትል ስልኩን መፈልፈያው ውስጥ አስገባችው። ጫጫታው ጆሮዬን ሞላው። ፓነሉ ጥላ ስር ተቀምጬ ሰማሁ። ሙሐንዲስ ሰላሕ ምን እንደሆነ በዓይናቸው ጠየቁኝ፤ ስልኩን ጆሯቸው ላይ አደረግኩላቸው። «ማሻአላህ» ብለው መለሱልኝና ቀሪውን ኬብል ራሳቸው ሳቡት።

ያላሰብኩት ከዚያ በኋላ መጣ። ዘሃራ መደወል ቀነሰች። ሳምንት ሞላ፣ አሥር ቀን ሆነ። እኔው ደወልኩ።

«ሰፈሩ መብራት አለ?»

«ከትናንት ወዲያ ጀምሮ የለም። እኛ ጋ ግን አልጠፋም።»

«ታዲያ ለምን አልደወልሽም?»

«ምን ብዬ?» አለች። የምሯን ነበር።

ከኋላዋ ጫጩቶቹ ይሰማሉ። ኋላ እሷው «የማን ናቸው ሲሉኝ የጀማል ናቸው እላለሁ» አለች። «መጥተህ እያቸው እንጂ።»

ኢቃማዬ ሲያልቅ አላድሰውም ብዬ ለከፊሌ፣ ፈቃዴን ለያዘው አሠሪዬ፣ ነግሬዋለሁ። ከዚህ በፊትም ሁለት ጊዜ እንዲህ ብዬ አድሻለሁ።

በዚህ ሙያ ላላችሁ፣ ለምትገቡበትም የምለው አንድ ነው። ኢንቨርተር ከመምረጣችሁ በፊት ቤቱ ውስጥ የሚውለውን ሰው ጠይቁ። ቤቱ የራሳችሁ ቢሆንም።