የደበላ አንድ ሜትር

ባለፈው ሳምንት የአምቦ መንገድ ሊሰፋ ነው ተብሎ ለስብሰባ ተጠራሁ። ጢሙን ገና ያላበቀለ መሐንዲስ ንድፉን ግድግዳው ላይ ለጠፈው። ተጠግቼ አየሁት፤ መኪና በግራ፣ መኪና በቀኝ፣ መሐል ላይ ዘንባባ። ለዛፍ እንኳ ቦታ ተገኝቷል። እግረኛና ብስክሌተኛ በየት እንደሚሄዱ ግን ንድፉ አይናገርም፤ ምናልባት በአየር ይሆናል። ይህን ሳስብ ሳቄ መጣ። ወዲያው ግን ደበላ ትዝ አለኝ።

በወጣትነታችን ከደበላ ጋር አምቦ አንድ ትምህርት ቤት እናስተምር ነበር፤ እሱ ሒሳብ፣ እኔ ስፖርት። የጉደር ልጅ ስለሆነ በየቀኑ ከዚያ አምቦ ድረስ በብስክሌት ይመላለሳል። ብስክሌቷን መጀመሪያ የነዳት ኖኅ ሳይሆን አይቀርም። ክረምት ሲገባ መንገዱ ዳር ያለው የመረሬ ጭቃ ጫማ ይዞ አይለቅም፤ ደበላ ክፍል የሚገባው ግማሽ ጋሻ መሬት በእግሩ ተሸክሞ ነው። ቦርሳው ውስጥ ግን መንገድ ላይ የገዛው ጥብስ በቆሎ አይጠፋም። ግማሹ የእኔ ነበር።

አንድ ዓመት መንገዱ እንደ አዲስ ሊሠራ ሆነና ሕዝቡ አዳራሽ ተጠራ። ደበላ ሳምንቱን ሙሉ ስኩዌር ደብተር ላይ በማስመሪያ ሲያሰምር ሰነበተ፤ ከአስፋልቱ ግራና ቀኝ አንድ አንድ ሜትር፣ በቦይ የተለየች፣ ለእግረኛና ለብስክሌት። ቅዳሜ ሽንኩርት ተሸክመው ገበያ የሚመጡትን ሴቶች ሳይቀር በእርሳስ ስሏቸዋል።

ተራው ደርሶ ተነሣ። ዓይን አፋር ስለነበር ደብተሩን ደረቱ ላይ ለጥፎ ይዟል።

«ኢንጂነር፣ ማሎ፣ እባክህ፣ አንድ ሜትር ብቻ...»

እኔ ከኋላ ተቀምጫለሁ፤ አፌ ደግሞ ከእኔ ቀድሞ ነው የሚነሣው።

«ኦቦ ኢንጂነር!» ብዬ ጮህኩ። «ለደበላ ብስክሌት መንገድ ከሠራችሁ ለአማቱ አህያም የትራፊክ መብራት ትከሉላት፤ አህያዋም ቸኳይ ናት!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሰብሳቢው እንባውን ጠረገ። መሐንዲሱ እየሳቀ ንድፉን ጠቀለለና «መልካም፣ ሌላ ጥያቄ ከሌለ...» አለ። ደበላ ደብተሩን እንደያዘ ጥቂት ቆመ፤ ከዚያ ተቀመጠ። ጨርስ ያለው የለም።

ውጭ ስንወጣ «ምን አለበት ብታስጨርሰኝ?» አለኝ።

«ኧረ ባክህ፣ ተዝናናን እኮ!»

አስፋልቱ አለቀ። ፊትህን አይተህበት ጢምህን የምትላጭበት መስተዋት ሆነ። መኪናው ሁሉ አበደ። ከአስፋልቱ ጠርዝ ቀጥሎ ያለው ግን ጥልቅ ቦይ ነው። አንድ የኅዳር ጠዋት አንድ የጭነት መኪና ሌላውን ልቅደም ብሎ ወጣ፤ ደበላ የሚሸሽበት አጣ።

ሆስፒታል ስገባ ብርድ ልብሱ ከግራ ጉልበቱ በታች ጠፍጣፋ ነበር። ከአምቦ እስከ እጃጂ ከተማ ድረስ ሰው አስቃለሁ ብዬ የምኩራራው ሰውዬ የብርድ ልብሱን ጠርዝ ማስተካከል ያዝኩ።

«ዛሬ ምነው ዝም አልክ?» አለኝ።

«ደበላ...»

«ተናገር እንጂ። ያኔ እኔ ስናገር ጥሩ ተናግረህ ነበር።»

ከዚያ ወዲህ ሰላምታ አልነፈገኝም። በቆሎ ግን ዳግመኛ አልተካፈልንም። ሰው «ጥፋቱ የሹፌሩ ነው» ይላል፤ እውነት ነው። ያቺን አንድ ሜትር ከንድፉ ያስቀረው ማን እንደሆነ ግን እኔና ደበላ እናውቃለን።

እና ባለፈው ሳምንት እጄን አወጣሁ። እግረኛው በየት ይሂድ፣ ብስክሌተኛውስ ብዬ ልጠይቅ፤ የደበላንም ነገር ልናገር። ሰብሳቢዋ «እሺ ጋሼ» አለች። ገና ከወንበሬ ስነሣ ከኋላ አንዱ የጎረቤቱን ጎን ነካ አደረገና «ዛሬ ደግሞ ምን ሊለን ይሆን!» አለ። አፌን ሳልከፍት አዳራሹ መሳቅ ጀመረ። ልጅ እግሩ መሐንዲስም ነገሩ ሳይገባው አብሮ ሳቀ። ዕድሜዬን ሙሉ ሳስቀው የኖርኩት ሕዝብ ነው፤ ምን ብዬ ልቆጣው?

«አንድ ሜትር ብቻ...» አልኩ።

ይበልጥ ሳቁ።