የኦዜላ ነጫጭ ቀሚሶች

ኦዜላ ፕሩት የሴቶቹን ኮሌጅ ልብስ ሃያ ዓመት አጥባለች። ኮሌጁን ያቆመው መንግሥት ነው፤ የቴክሳስ ገበሬ ሁሉ ሴት ልጁን ይልክበታል፣ የነጭ ገበሬ ማለቴ ነው። ኦዜላ ልጅ ቢኖራት ኖሮ በዚያ በር የምትገባው የልብስ ጥቅል ተሸክማ ነበር። ተማሪዎቹ እሑድ እሑድ ለቤተ ክርስቲያን ነጭ ቀሚስ ይለብሳሉ፤ በየአንገትጌው ውስጥ ስማቸው በቀይ ክር ተሰፍቷል። ቀሚሱ ቅዳሜ ማታ መድረስ አለበት። ኦዜላ በሃያ ዓመት ውስጥ አንድም ቅዳሜ አላጓደለችም፤ ኩራቷም ይኸው ነበር።

በዚያ ዓመት ከተማው ጉድ አመጣ። የኮሌጁ ልጆች ወደ ገበያ ሲወርዱ በጥቁሮች ሰፈር ማለፋቸው ነውር ነው ተባለ። ነጮቹ ድምፅ ሰጡና ሰፈራችን ተነሥቶ መናፈሻ እንዲሆን ወሰኑ። የሚያጥቡላቸውን እጆች አልጠሉም እኮ፤ የጠሉት እጆቹ የሚያድሩበትን ቤት ነው! እምቢ ያሉትን ሽማግሌ፣ አባባ ዊሊስን፣ ፊታቸውን በጠመንጃ ሰደፍ አፍርሰው በራፋቸው ላይ ጣሏቸው። ከዚያ ወዲህ እምቢ ያለ የለም። ቤቱን የሚወድ ይዞት ይሂድ ተባለ፤ የእንጨት ቤት ነውና ከሥሩ የሚንከባለል ግንድ እየተነጠፈ በበቅሎ ወደ ከተማው ጥግ ይጎተታል።

የኦዜላ ተራ ቅዳሜ ጠዋት ደረሰ። የባሏ የሊንዚ ሥራ ከቤቱ ኋላ የሚቀረውን ግንድ እያነሣ ወደ ፊት ሮጦ ማንጠፍ ነበር።

«የማጠቢያ ገንዳዎቹን ድፊያቸው» አላት። «ውሃ ያዘለ ቤት ሚዛን የለውም።»

«አርባ ቀሚስ ተዘፍዝፎ? ማታ ምን ልበላቸው?»

«ሴትዮ፣ ቤታችንን እየነቀሉት አንቺ ለቀሚሳቸው ትጨነቂያለሽ!»

«ከነቀሉትም በኋላ መብላታችን አይቀር፣ አንተ ሰውዬ!»

ሊንዚ ሳቀ። ተከራክሮ ረትቷት አያውቅም። ገንዳዎቹ እንደ ሞሉ ቀሩ፤ እሷም ካውያዋን ከሰል ላይ ጥዳ፣ ቤት ውስጥ አጠገባቸው ቆማ እያሸች ቤቱ መሄድ ጀመረ።

ኮሌጁ አጥር ጋ ሲደርሱ መንገዱ ቁልቁለት ሆነ። ውሃው ወደ አንድ ወገን ሸሸና ቤቱ አዘመመ።

«አቁሙ! ግንዱ ሊሾልክ ነው!» ሲል ሊንዚ ጮኸ።

ነጩ በቅሎ ነጂ ኮበርን ዞሮ በአለንጋ ፊቱን ሸነተረው። «አንተ ነህ እኔን የምታዘኝ?» አለና ሁለተኛውን በበቅሎዎቹ ላይ አሳረፈ። በቅሎዎቹ ዘለሉ፣ ግንዱ ሾለከ፣ የቤቱ ጠርዝ ሊንዚ ጭን ላይ ወረደ። አጥንቱ ሲደቅ ኦዜላ ከውስጥ ሰማችው።

ስድስት ጎረቤቶች ቤቱን በትከሻቸው አነሡት። ደሙ ይንዠቀዠቃል። ኦዜላ ከትናንት ጀምሮ ታጥበውና ተተኩሰው የተሰቀሉትን ቀሚሶች እየሸረከተች ጭኑን አሰረች፤ አንዱ ሲርስ ሌላ፣ እሱም ሲርስ ሌላ። ሐኪም ከአጥሩ ማዶ ነበር፤ የኮሌጁ ሐኪም ግን ጥቁር አያክምም። ልጃገረዶቹ አጥሩን ተደግፈው አዩ። አንዳንዶቹ አለቀሱ። በሩን የከፈተ አልነበረም። ዘጠነኛው ቀሚስ ላይ ሊንዚ ሞተ።

ኦዜላ የጋለውን ካውያ ይዛ ወደ ኮበርን ስትሮጥ ጎረቤቶቿ መሬት ላይ ጣሏት። ሌላ ሬሳ እንዳይጨመር ፈርተው ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ተጭነው ያዟት።

ሰኞ ዕለት አንዲት ተማሪ የከተማው ጥግ ድረስ፣ ቤቱ አዲስ የቆመበት ጭቃ ውስጥ መጣች።

«አክስቴ ኦዜላ» አለች። ነጮቹ ወይዘሮ ላለማለት ሲሉ አክስት ይሉናል። «የእሑድ ቀሚሴ አልመጣልኝም እኮ።»

«ስምሽ ማነው?»

«ሉሲል።»

ኦዜላ ማንበብ ባታውቅም የእያንዳንዷን ስም ከክሩ ቅርጽ ለይታ ታውቃለች።

«ያንቺስ ከባሌ ጋር ተቀብሯል። ታጥቦ፣ ተተኩሶ ነበር፤ እኔ አላጓደልኩም። ከፈለግሽው ሄደሽ አስቆፍሪ፤ ስምሽ አንገትጌው ላይ አለ።»

ልጅቷ አፏን ይዛ ሮጠች። ኦዜላ ወደ ቤት ገብታ ሳይገለበጥ የተረፈውን አንዱን ገንዳ አየችው፤ አሁንም ውሃ እንዳዘለ ነው። በሁለት እጇ እየጎተተች በራፉ ላይ አደረሰችውና ደፋችው።

«ይኸው ደፋሁት፣ ሊንዚ» አለች።