አርብ ክርስቲያን፣ እሁድ ሙስሊም

ሥራ የተቀጠርኩ ቀን ለአንድ ጥያቄ የሰጠሁት መልስ እስከ ዛሬ መዘዝ አለው። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ ያለ ሱፐርማርኬት ነው፤ ካሸር ይፈልጉ ነበር። ሱፐርቫይዘሩ በዕድሜ ከእኔ ብዙም አይበልጥም፤ በዚያ ሙቀት ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ ሰው ነው። መታወቂያዬን ተቀብሎ የአባቴን ስም አነበበ። ከዚያ ቀና ብሎ ራሴን አየ፤ ሻሽ የለም። አንገቴን አየ፤ ማተብ የለም።

«አንቺ የየትኛው ነሽ?» አለኝ።

«የሁለቱም» አልኩት። አባቴ ሙስሊም፣ እናቴ ክርስቲያን ናቸው። ድሬ ውስጥ እንደኔ ዓይነቱ በየሰፈሩ ሞልቷል፣ ማንም ዞር ብሎ አያየንም። ስለዚህ ደረቴን ነፍቼ ነው ያልኩት።

«በጣም ጥሩ» አለ። ምኑ ጥሩ እንደሆነለት የገባኝ ሥራ ከጀመርኩ በኋላ ነው።

አሠራራቸው እንዲህ ነው። ሙስሊሞቹ አርብ ያርፋሉ፣ ክርስቲያኖቹ እሁድ። አርብ የሚጎድለውን ክርስቲያኖቹ ይሸፍናሉ፣ እሁድ የሚጎድለውን ሙስሊሞቹ። ቅዳሜ ሁሉም ይገባል። ከላይ ሲያዩት ፍትሕ ማለት ይኸው ነው፤ ሰዉ ተስማምቶ ይኖራል፣ በበዓል ይጎራረሳል። እኔ ግን አርብ ሲሆን ክርስቲያን ነኝ፣ እሁድ ሲሆን ሙስሊም። የእረፍቴ ቀን ማክሰኞ ነው።

ማክሰኞን ምን ያደርጉታል? ጓደኞቼ ሥራ ናቸው። ሰርግ የለ፣ ልደት የለ፣ ሰው የሚጠራበት ቀን አይደለም። ልብስ አጥባለሁ፣ ልብሱ በዚያ ፀሐይ ሳልጨርስ ይደርቅልኛል፣ ከዚያ ከግድግዳ ጋር እንፋጠጣለን። እናቴ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ስፌት ነው የምትሠራው፤ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ። ሳይነጋ ሰርቪስ ይወስዳታል፣ እኔ ማታ ስገባ ደክሟት ተኝታ አገኛታለሁ። አንድ ቤት እየኖርን በስልክ ነው የምናወራው። እሷ ቤት የምትውለው እሁድ ብቻ ነው። እሁድ ደግሞ እኔ ማካሮኒና ዳይፐር በስካነር ሳስጮህ እውላለሁ።

ሱፐርቫይዘሩ ራሱ ክርስቲያን ነው፤ እሁድን አይነካትም። አርብ ደግሞ በሙቀቱ ምክንያት ቀትር ላይ ሱቁ ሲዘጋ ይወጣና ከሰዓት ስንከፍት አይመለስም። «ባንክ ሄዷል» ይባላል። ባንኩ ፍራሽ የተነጠፈበት፣ ጫት የሚቃምበት ባንክ ነው፤ ሁላችንም እናውቃለን።

ይህን ሁሉ ችዬ ነበር። አልዋሽም፣ እየተነጫነጭኩ ነው የቻልኩት። አንድ እሁድ ግን በጣም ፈለግሁ።

አባቴ ከሞተ ዓመት ሊሞላው ነበር። እሱ በሕይወት እያለ የእናቴ ዘመዶችና የእሱ ዘመዶች አንድ ቤት ተቀምጠው በልተው አያውቁም። ጠብ የለም፤ መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላምታው እስኪሰለች ድረስ ነው። ነገር ግን አይጠራሩም። እናቴ ዓመቱን ምክንያት አድርጋ ሁሉንም ልትጠራ ቆረጠች። እሷ ሙት ዓመት ትለዋለች፤ የአባቴ እህት፣ አዳዳ ብዬ የምጠራት፣ ሰደቃ ትለዋለች። ስሙ ላይ አልተጨቃጨቁም። እናቴ ከእሁድ ሌላ ቀን ስለሌላት እሁድ እንዲሆን ተስማሙ።

እንዲህ ያለ ድግስ ሁለት ሥጋ አለው። አንዱን ፍየል የአዳዳ ወገኖች ያርዳሉ፣ አንዱን የእናቴ ወንድሞች። ድስቱ ይለያል፣ ጭልፋው ይለያል፣ ሳህኑ ይለያል። አዳዳ የራሷን ድስት ከቤቷ ይዛ ትመጣለች። ታዲያ መሐል ሆኖ የሚያቀርብ ሰው ያስፈልጋል፤ የሁለቱንም ወገን ፊት የሚያውቅ፣ የትኛው ሽማግሌ የማን እንደሆነ የማይጠፋው። ያ ሰው እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው የለም። ሱቅ ውስጥ የሁለቱም መሆኔ ሁለቱንም ቀን አሳጣኝ፤ ቤት ግን የምፈለገው ለዚሁ ነበር።

ሁለት ሳምንት ቀድሜ ሱፐርቫይዘሩን ጠየቅኩት። የዘይት ጄሪካን እየደረደርን ነበር።

«እሁድ? እሁድ ምን አለሽ?»

«የአባቴ ሙት ዓመት ነው።»

«አባትሽ ሙስሊም አልነበሩም እንዴ? ሙስሊም ምን ሙት ዓመት አለው?»

«እሺ፣ ሰደቃ በለው።»

«ሰደቃ ከሆነማ አርብ አድርጉት።»

«አርብ እሠራለሁ!»

ትንሽ አሰበ። «እሱስ እውነትሽን ነው» አለና ሳቀ። ከልቡ ነው የሳቀው፤ ክፋት እንኳን ቢኖረው ይሻለኝ ነበር። «በቃ እናያለን፣ እህቴ። አንዷ ትሸፍንልሽ።»

አንዷ ማን ናት? እሁድ ከሚያርፉት አንዷን መለመን ነበረብኝ። መዘምርት የሆነችዋን ለመንኳት። «እህቴ ሙች፣ ሌላ ቀን በይኝ፣ እሁድን ግን አትጠይቂኝ፤ እሁድ የእግዚአብሔር ነው» አለችኝ። ልጆች ያሏትን ለመንኳት። «አንቺማ ምን አለብሽ፣ ልጅ የለሽ፣ ባል የለሽ» አለችኝ። ልጅና ባል የሌለው ሰው አባት አይሞትበትም ማለት ነው።

ከጎኔ ያለው ካሸር ላይ የምትሠራው ሶማሌ ጓደኛዬ ሁሉንም ትሰማለች። «አቦ፣ አርቤን ልስጥሽ ብል ምን ይሠራልሻል» አለችኝ፤ «እኔም እሁድ እዚሁ ነኝ። ወላሂ እኔ ብቻዬን ሁለቱንም ካሸር እይዛለሁ፣ አንቺ ሂጂ!» ሱፐርቫይዘሩ ሰምቶ «አይቻልም፣ እሁድ ሰው ይበዛል» አለ። እሁድ ሰው እንደሚበዛ በምን አወቀ? አንድም እሁድ መጥቶ አይቶ አያውቅም።

የሳምንቱን ምድብ ቅዳሜ ማታ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ነው የሚለጥፈው። «እናያለን» ብሎኝ ስለነበር ተስፋ አድርጌ ጠበቅኩ። ከፈትኩት፤ እሁድ ጠዋት እኔ፣ እሁድ ከሰዓት እኔ። ከሥሩ «መልካም ሰንበት ለሁላችሁም» ብሏል፤ አበባ ጨምሮ።

እናቴ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ነገርኳት። እጇ አላቆመም። «ጠዋት ግቢና ቀትር ሲዘጋ ነይ» አለችኝ። «እስከዚያ ጎረቤት ትይዝልኛለች። ድስቶቹን ለይተን እናስቀምጣለን፣ ምን ችግር አለው።»

አዳዳ ከሰዓት አምጥታ ባስቀመጠችው ድስት ክዳን ላይ አረንጓዴ ጨርቅ አሰርኩበትና ለጎረቤታችን አሳየኋት። «አረንጓዴው የሙስሊም፣ ሌላው የኛ» አልኳት። «አይ ልጄ፣ ይሄ ይጠፋኛል ብለሽ ነው?» አለችኝ። እሁድ ጠዋት ሱቅ ገባሁ። ያን ጠዋት ለደንበኛ አንዴም ፈገግ ያልኩ አይመስለኝም። አንድ ሰውዬ «ምነው፣ የሰው ፊት እንዲህ ይጠቁራል?» አለኝ። «ፌስታል ይፈልጋሉ?» አልኩት።

ቀትር ላይ ሲዘጋ ሮጬ ወጣሁ፣ ባጃጅ ያዝኩ። ድልድዩ ላይ ስንደርስ ሹፌሩ ዝቅ ብሎ ደረቁን የደቻቱን ወንዝ የሚሻገሩ ግመሎች ማየት ጀመረ። «ወንድሜ ንዳው፣ ግመል ዛሬ ነው የምታየው!» ብዬ ጮህኩበት። ቤት ስደርስ በር ላይ ብዙ ጫማ ይጠብቀኛል ብዬ ነበር። ጫማው ጥቂት ነው። ገባሁ። የእናቴ ዘመዶች ቁጭ ብለዋል። በሌላው ወገን የተነጠፈው ምንጣፍ ባዶ ነው፤ ለስላሳው ተከፍቶ ሳይጠጣ ቀርቷል።

እናቴን ጓዳ አገኘኋት። ጎረቤታችን ጥግ ላይ ሆና ታለቅሳለች።

የሆነው ይህ ነው። ጎረቤታችን ወጡ እንዳይበላሽ ብላ፣ በሙቀቱ ሰግታ፣ ሁለቱንም ድስት ከፍታ ታናፍሳለች። መልሳ ስትከድን ክዳኖቹ ይቀያየራሉ። አረንጓዴ ጨርቅ ያለው ክዳን የእናቴ ድስት ላይ ያርፋል። እሷ አደራዬን አክብራ በጨርቁ እየተመራች ከዚያው ጨልፋ ለአዳዳ ወገኖች አቀረበች። ክዳኑን ትቶ ድስቱን ላየ፣ የአዳዳው እጀታው በሽቦ የተጠገነ ነው። እኔ ዓይኔን ጨፍኜም አውቀዋለሁ። እሷ በምን ታውቀው?

እናቴ ናት የደረሰችበት፤ ጓዳ ገብታ ሽቦ ያለው ድስት እንደ ሞላ አየች። ሮጣ ወጥታ «እንዳትበሉ!» ብላ ጮኸች። የአባቴ ታላቅ ወንድም አንዴ ጎርሰው ነበር። ወጥተው አፋቸውን ታጠቡ። ክፉ ቃል አልተናገሩም። «ባለማወቅ ነው፣ አላህ ያውቃል» ብለው ጫማቸውን አደረጉ። እሳቸው ሲነሱ ሌላው አልተቀመጠም። አዳዳ መጨረሻ ላይ እናቴን ስማ «ልጅቷ የታለች?» ብላ ጠየቀቻት። «ሥራ ናት» አለቻት እናቴ። «እሁድ?» አለች አዳዳ። ከዚያ ሄደች።

የአዳዳ ድስት እንደ ሞላ ነበር። ክዳኑን አንስቼ አየሁት፣ መልሼ ከደንኩት። እናቴ «ሰዓትሽ እንዳያልፍ» አለችኝ። እሷ ፋብሪካ ለደቂቃ ዘግይታ አታውቅም፤ ሰው ሥራ ካለው ይሄዳል፣ በቃ። ሄድኩ። ያን ቀን መሄዴ እስካሁን ያንገበግበኛል። እዚያው መቅረት ነበረብኝ። ከሰዓት ተቀምጬ የሸጥኩት ውሃና ብስኩት ነው። ሰውም አልበዛም።

ሰኞ ሱፐርቫይዘሩ «ድግሱ እንዴት ነበር?» አለኝ። ሰው ሁሉ ባለበት ነገርኩት፤ ድስቱን፣ ክዳኑን፣ ባዶውን ምንጣፍ። ከዚያ «ወይ አርብን ስጠኝ፣ ወይ እሁድን። አንዱን ምረጥልኝ፤ ለእኔ ግድ የለኝም» አልኩት። ሶማሌዋ ጓደኛዬ ከካሸሯ ሆና «እውነቷን ነው!» አለች። እሱ ቀላ። «አሁን የደንበኛ ሰዓት ነው» አለ። ቅዳሜ ማታ ምድቡ ሲወጣ የእረፍቴ ቀን ተቀይሯል። ረቡዕ።

እሁዱን እንደ ወትሮው ገባሁ። ረፋድ ላይ ሰልፉ ውስጥ እናቴን አየኋት። ነጠላዋን እንደለበሰች፣ ከቤተ ክርስቲያን መምጣቷ ነው። ተራዋን ጠብቃ ደረሰች፤ አንድ ሳሙና አስቀመጠች። ሳሙና ቤት ሞልቶናል።

«ምን ሆነሽ ነው?» አልኳት በሹክሹክታ።

«ላይሽ ነዋ» አለች። «ደግሞ አዳዳሽ ደወለችልኝ። የአባትሽ ታላቅ ወንድምም እሺ ብለዋል። እንደገና ይደረግ ብላለች፣ በእሷ ቤት፣ የእኔም ሰዎች ሁሉ ይምጡ ብላለች። ግን አንቺ ካላቀረብሽ አይሆንም አለች።»

«መቼ?»

«አርብ። ከጁምአ በኋላ።»

ሳቄ መጣ፣ እንባዬም አብሮ። «አንቺስ? ፋብሪካው?»

«ፈቃድ ጠይቄ ሰጡኝ።» ከኋላዋ ያለችው ሴትዮ ጋሪዋን አንኳኳች። እናቴ ሂሳቧን ከፍላ ሳሙናዋን አነሳች። «ትመጫለሽ፣ አይደል?»

ስልኬን ከመሳቢያው አወጣሁ። ካሸር ላይ ስልክ መንካት ክልክል ነው። ግሩፑን ከፈትኩና ሁሉም እንዲያየው ጻፍኩ፦ «አርብ አልገባም።» እባክህ አላልኩም፣ ብትፈቅድልኝ አላልኩም፣ አበባም አልጨመርኩም።

ከጎኔ ያለው ካሸር ላይ ስልክ ጮኸ። ጓደኛዬ አነበበች፣ ቀና ብላ አየችኝ፣ ከዚያ እሷም መጻፍ ጀመረች። የጻፈችውን በኋላ ነው ያየሁት፦ «አርብ የእሷን እኔ እሠራለሁ።» በገዛ እረፍቷ፣ በጁምአ ቀን።

«ማነሽ ልጅ፣ እኛን አታስተናግጂም?» አለች ጋሪ የያዘችው ሴትዮ።

«ይምጡ» አልኳት። እናቴ ሳሙናዋን እንደያዘች በሩ ጋ ቆማ ነበር። እሺ ወይም እንቢ ሳልላት ገብቷታል፤ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ፀሐዩ ወጣች።