የሉሉ ሞግዚት

ሀኪማ ከቤሩት ስትመለስ ለራሷ የማለችው አንድ መሐላ ነበር፤ በሩ ከውጭ የሚቆለፍ ቤት ውስጥ ዳግመኛ ላትገባ።

እዚያ የሠራችበት ቤት ከፍ ያለ ፎቅ ላይ ነበር። ማዳሟ ስትወጣ ቆልፋባት ትሄዳለች። ሀኪማ በረንዳው ላይ ቆማ ቁልቁል ስታይ መኪናው ሁሉ የልጅ መጫወቻ ይመስላታል። አብራት የምትውለው የማዳሟ ውሻ ብቻ ነበረች፤ ከድመት የማትበልጥ፣ ፀጉሯ ወለል የሚጠርግ፣ ዮርክሻየር ቴሪየር የሚሉት ዘር። መጀመሪያ ላይ ሀኪማ ልትነካት ተጸየፈች። የወሎ ልጅ ናት፤ እናቷ ቤት ውሻ አፉን ያስገባበት ዕቃ ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር፣ ካልታጠበ አይበላበትም። በኋላ በስልክ የተዋወቀቻት አንዲት በዕድሜ የገፋች የደሴ ሴት መከረቻት።

"ለውሻዋ ሥራ የተለየ ልብስ ይኑርሽ። ስትጨርሺ ታጠቢ፣ ለውጪ፣ ከዚያ ስገጂ። አላህ ያለሽበትን ያያል።"

እንደተመከረችው አደረገች። ውሎ አድሮ ማጠቡንም፣ ማበጠሩንም፣ ጥርስ መቦረሹንም ለመደችው። ትንሿ ውሻ ጭኗ ላይ ሳትተኛ የዋለችበት ቀን የጎደለ ቀን እየሆነባት መጣ። ይህን ግን ለእናቷ አልነገረቻትም።

አገሯ ስትገባ አቃቂ ወንድሟ ቤት አረፈች። ኢማድ ባጃጅ ይነዳል፤ ከሚስቱ ከአማልና ከልጆቻቸው ጋር አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይኖራል። ሀኪማ ቂሊንጦ ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ ልብስ ስፌት ገብታ ነበር፤ ሥራ ሲቀዘቅዝና ሠራተኛ ሲቀነስ ተሰናበተች። ከዚያ በኋላ የአማል ፊት ባይጠቁርባትም ክፍሏ እየጠበበች ሄደች። ማታ ማታ ፍራሽ ሲነጠፍ የሀኪማ እግር ከልጆቹ ራስ ጋር ይገናኛል። ስለዚህ ደላላው ሲደውልላት ለመስማት እንኳ አላንገራገረችም።

"ቃሊቲ አንዲት ሴትዮ ሠራተኛ ይፈልጋሉ" አላት፤ ሳቁን መያዝ አቅቶት። "ምግብ የምትሠራ አይደለም፤ ልጅ የምትይዝ አይደለም። ውሻ የምታጥብ! አንቺ ደግሞ አጥቤ አውቃለሁ ብለሽኝ ነበር።"

ወይዘሮ ሥርጉት የከባድ መኪና መለዋወጫ ይነግዳሉ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ንግዱንም ቤቱንም የያዙት ብቻቸውን ነው። ቤታቸው በሁለት መጋዘኖች መካከል የተወሸቀ ቪላ ሲሆን፣ አጥሩ ረጅም፣ በላዩም እሾሃማ ሽቦ የተጠመጠመበት ነው። ውሻዋን ሉሉን ልጃቸው ከውጭ ሲመጣ ይዞላቸው መጣ፤ "እማዬ ብቻሽን እንዳትሆኚ" ብሎ ጥሏት ተመለሰ።

ሉሉ ዘሯ የቤሩቷ ውሻ ዘር ቢሆንም ሀኪማ መጀመሪያ ያየቻት ቀን ጨርሶ ውሻ አትመስልም ነበር። ፀጉሯ ተጣብቆ እንደ ቆሸሸ ባዘቶ ሆኗል፤ ዓይኗ አይታይም። ሊነኳት ሲሉ ታጉረመርማለች።

"ሰው አታስጠጋም" አሉ ወይዘሮ ሥርጉት። "ቁጡ ናት።"

"አሟት ነው እንጂ ቁጡ ሆና አይደለም፣ እትዬ። ፀጉሩ ሲቋጠር ቆዳዋን ይጎትታል። የዚህ ዘር ፀጉር እንደ ሌላ ውሻ አይረግፍም፤ እንደ ሰው ፀጉር ዝም ብሎ ያድጋል። በየቀኑ ካልተበጠረ ይኸው እንዲህ ይሆናል።"

"እንደ በግ ብንሸልታትስ?"

"ይቻላል። ግን ቆዳዋ ስስ ነው፤ ቋጠሮውን ሳንፈታ መቀስ ብንሰድ እንቆርጣታለን።"

ሀኪማ በረንዳው ላይ ተቀመጠች። ደረቅ ፀጉር ሲበጠር ይበጠሳልና ውሃ በትንሽ በትንሹ ረጨችበት። ቋጠሮውን በጣቷ እየለየች፣ ማበጠሪያውን ከጫፉ ጀምራ ወደ ሥሩ እየወጣች፣ ከሰዓቱን ሙሉ እዚያው ዋለች። ሉሉ መጀመሪያ ነከሰቻት፤ ቀጥላ አለቀሰች፤ በመጨረሻ አንቀላፋች። በመሸ ጊዜ ጀርባዋ እንደ ብረት የሚያብለጨልጭ ግራጫ፣ ፊቷና እግሯ ወርቅማ፣ ጆሮዋ ቀጥ ያለ አንዲት ኩሩ ፍጥረት ወጣች። ሀኪማ የሉሉ ዓይን ውስጥ የሚገባውን ፀጉር ሰብስባ አናቷ ላይ በሪባን አሰረችላት። ወይዘሮ ሥርጉት አዩና እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

"ነገ ዕቃሽን ይዘሽ ነይ" አሏት።

በማግስቱ ገባች። በሦስተኛው ቀን ማለዳ ወይዘሮ ሥርጉት መኪናቸውን አስወጥተው የግቢውን በር ከውጭ ከዘጉ በኋላ፣ የጓጉንቸሩ ድምፅ ተሰማ። ቀጭ። ሀኪማ እጇ ላይ የነበረው ሰሃን ወደቀ። ሮጣ ሄዳ በሩን ገፋችው፤ አልተነቃነቀም። ሉሉን አቅፋ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ አለች፤ ምሳ ሰዓትም አልፎ አልተነሳችም።

ማታ ጠየቀቻቸው።

"ባንቺ ላይ አይደለም የቆለፍኩት" አሉ ወይዘሮ ሥርጉት፣ ጫማቸውን እያወለቁ። "ከዚህ በፊት የነበረችው ልጅ በሩን ከፍታ ቤቴን አዘረፈችኝ። አሁን ደግሞ እንዲህ ያለ ውሻ አለ ሲባል የሚያደባ አይጠፋም። ምን ያስፈራሻል? ምግቡ አለ፣ ቴሌቪዥኑ አለ።"

ሀኪማ መልስ ነበራት፤ ግን የአማል ክፍል ትዝ አላት። "ለጊዜው ነው" ብላ ለራሷ ነገረች። ቤሩት የመጀመሪያውን ዓመት ሁሉ ያሳለፈችው ይህንኑ ቃል እየደጋገመች ነበር።

ከዚያ በኋላ ቀኑ አንድ ዓይነት ሆነ። ጠዋት ለሉሉ ሥራ የለየችውን ልብስ ትለብሳለች፤ ታበጥራታለች፣ ዓይኗን በለብ ባለ ውሃ ትጠርጋለች፣ ጥርሷን ትቦርሻለች፤ የዚህ ዘር አፉ ጠባብ፣ ጥርሱ የተጨናነቀ ስለሆነ ቶሎ ይበሰብሳል። ሶፋው ላይ ዘልላ እንዳትወጣ እንዳትወርድም ትጠብቃታለች፤ አጥንቷ እንደ ጫጩት ነው። አንገቷ ላይ የነበረውን ያማረ ማሰሪያ ገና በመጀመሪያው ሳምንት አውልቃዋለች፤ ሲጎተት ጉሮሮዋን ስለሚጫነው ያስላት ነበር። በምትኩ ከአሮጌ ሻሽ ደረቷን የሚይዝ ማሰሪያ ሰፋችላት። ወዴት ልትወስዳት እንደሆነ ግን እሷም አታውቅም።

ይህን ሁሉ ጨርሳ ቀና ስትል ገና ረፋድ ነው። ከውጭ የከባድ መኪና ጡሩምባ፣ የታክሲ ረዳቶች ጩኸት ይሰማል፤ አጥሩ ላይ አቧራው ሲነሳ ይታያል፤ ሰው ግን አይታይም። ሉሉ በብረቱ በርና በመሬቱ መካከል ባለችው ክፍተት አፍንጫዋን ሰክታ ትውላለች። ድሮ አይጥ ለማደን የተረባ ዘር ነውና ትንሽ ነኝ አትልም፤ መኪና በተንጎደጎደ ቁጥር አንበሳ እንዳከለች ሁሉ ትጮህበታለች። አንዳንድ ቀን ሀኪማም አጠገቧ መሬት ላይ ተጋድማ የሚያልፉትን እግሮች ታያለች። ሸራ ጫማ፣ ነጠላ ጫማ፣ የአህያ ኮቴ።

"ጁምዓ ነይና አብረን እንዋል" አላት ኢማድ አንድ ቀን ደውሎ።

"ቁልፍ የለኝም።"

"እዚህም?"

ስልኩን ዘጋችው።

አንድ እሑድ ወይዘሮ ሥርጉት ዘመድ ጠሩ። እንግዶቹ ሉሉን ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ አጎረሷት፤ ቅቤ የጠገበ ክትፎ፣ በርበሬ የነካው ጥብስ። ሀኪማ "አይስማማትም" ብትልም ማን ሰምቷት። ሰኞ ማለዳ ወይዘሮ ሥርጉት ዕቃ ለማስለቀቅ ወደ ሞጆ ደረቅ ወደብ ሄዱ። ጓጉንቸሩ ቀጭ አለ። ብዙም ሳይቆይ ሉሉ ማስመለስ ጀመረች።

ሀኪማ ሆዷ ይረፍ ብላ ምግብ ከለከለቻት። ለሰው እንዲያ ነው የሚደረገው። እኩለ ቀን ላይ ሉሉ ከመኝታዋ ተነሳች፤ እንደ ሰከረ ሰው ተንገዳገደችና በጎኗ ወደቀች። እግሮቿ ይንቀጠቀጡ ጀመር። ሀኪማ የውሻዋን ከንፈር ገልጣ ብታይ ድዷ ነጥቷል። ያኔ የቤሩቷ ማዳሟ ውሻዋ ሲደክማት የምትቀባት ማር ፍሪጅ ላይ ሁልጊዜ ታስቀምጥ እንደነበር ትዝ አላት። ሮጣ የማር ብልቃጡን አመጣች፤ በጣቷ ድዷን ቀባቻት። ሉሉ ዓይኗን ገለጠች፤ ምላሷን አንቀሳቀሰች። ትንሽ ቆይታ ግን መልሳ ደከመች።

ወይዘሮ ሥርጉት ጋ ደወለች፤ ስልካቸው ዝግ ነው። ደጋግማ ሞከረች። ከዚያ ግቢው መሃል ቆማ፣ በዚያ ሁሉ ጊዜ ያላደረገችውን አደረገች፤ ጮኸች።

"የሰው ያለህ! እባካችሁ!"

በአጥሩ ማዶ የመጋዘኑ ጥበቃ ድምፅ ተሰማ። "ማነው? ምን ሆነሽ ነው?"

"ከውጭ ተቆልፎብኝ ነው! የታመመ አለ፣ ሐኪም ቤት መድረስ አለበት!"

ጥበቃው ጋሽ ዱጉማ ይባላሉ። መሰላል አቁመው በአጥሩ ላይ ብቅ አሉ፤ ሀኪማ ያቀፈችውን አይተው ግራ ገባቸው።

"ውሻ ናት እንዴ? እኔ ደግሞ ሕፃን መስሎኝ" አሉ። ከዚያ የልጅቷን ፊት አዩ። "በይ አቀብዪኝ። ባጃጅ ጠርቼ እልክልሻለሁ።"

ሀኪማ እጇን ዘረጋች፤ መልሳ ሰበሰበችው። ሉሉ በአጥሩ ላይ ተሻግራ ትሄዳለች፤ እሷ ግን እዚሁ ቆማ ትቀራለች። በሩ ስር ተጋድማ እግር ስትቆጥር የዋለችበት ቀን ሁሉ በአንድ ጊዜ መጣባት።

"እኔም እወጣለሁ፣ ጋሽዬ።"

"ቤቱስ? ኋላ ሌባ ቢገባ በማን ሊሳበብ ነው?"

"በኔ ይሳበብ። እባክዎ መሰላል ያሻግሩልኝ።"

ሽማግሌው ጥቂት አመነቱ። ከዚያ ወርደው ሄዱና የሲሚንቶ ጆንያ ተሸክመው ተመለሱ፤ እሾሃማውን ሽቦ ደራርበው ሸፈኑት፤ ሁለተኛ መሰላል ወደ ግቢው አወረዱላት። ሀኪማ ሉሉን በሻርፕ ደረቷ ላይ አስራ ወጣች። ሽቦው መዳፏን ቀደደው፤ ቀሚሷንም ያዘው፤ ነጥቃ አላቀቀችው። በመጋዘኑ በኩል ወርዳ መንገዱ ላይ ስትደርስ ለኢማድ ደወለች። ከባድ መኪኖቹ በጣም ትልልቅ ነበሩ።

ኢማድ ባጃጁን አብርሮ ደረሰ። የእህቱን እጅ ደም ቢያይም ምንም ሳይጠይቅ አሳፈራት። ከዚያ ሻርፑ ውስጥ አጮልቆ፣ "ይቺን ነው ውሻ የምትሏት?" አለ።

"ንዳ ዝም ብለህ።"

የእንስሳት ሐኪሙ ዶክተር ቀነኒሳ የሉሉን የፊት እግር ላጭተው ግሉኮስ ሰኩላት። ትንፋሿ ሲስተካከል ወደ ሀኪማ ዞሩ።

"ምግብ ያስቀረሽው ሆዷ እንዲያርፍ ብለሽ ነው?"

"አዎ።"

"ለትልቅ ውሻ ልክ ነበርሽ። እንዲህ ያለች ትንሽ ግን የሚተርፍ ስንቅ ሰውነቷ ውስጥ የለም፤ ለጥቂት ሰዓት ባዶ ሆዷን ስትቆይ ስኳሯ ይወርዳል። በትንሽ በትንሹ፣ ቶሎ ቶሎ ነው የምትበላው። ማሩን ባትቀቢያት ግን እዚህም አትደርስም ነበር።"

ሀኪማ ግድግዳውን ተደግፋ አለቀሰች።

አመሻሽ ላይ የወይዘሮ ሥርጉት ስልክ ሲከፈት ሀኪማ ነገረቻቸውና ክሊኒኩ ደረሱ። መጀመሪያ ሉሉን ዳበሷት፤ ከዚያ ቀና አሉ።

"ቤቴን ጥለሽ በአጥር ዘለልሽ?"

"ውሻዎን ይዤ ነው የዘለልኩት፣ እትዬ።"

"ነገርኩሽ፤ እኔ የምፈራው ሌባ ነው።"

"ሌባው ከውጭ ከሆነ ቁልፉ ውስጥ እኔ ጋ ይሁን። ዛሬ እሳት ተነስቶ ቢሆንስ? ሁለታችንን ዓመድ ሆነን ያገኙን ነበር።"

ሀኪማ የሉሉን ማበጠሪያ ከኪሷ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። "በርዎ እንዲህ እንደሆነ የሚቀጥል ከሆነ እኔ አልመለስም" አለችና ከወንድሟ ጋር ወጣች።

እንደገና የአማል ክፍል፤ እንደገና የልጆቹ ራስና የእሷ እግር። ያም መታሰር ነው። በሩን ግን በፈለገች ሰዓት ከፍታ ደጅ ትቆማለች፤ አማል "ብርድ አስገባሽብን" ብትላትም።

ሳምንቱ ሳያልቅ ወይዘሮ ሥርጉት አቃቂ ድረስ መጡ። መኪናውን ኮብልስቶኑ ዳር አቁመው ሉሉን በጨርቅ ጠቅልለው ወረዱ። የውሻዋ ፀጉር መልሶ መቋጠር ጀምሯል።

"እኔን ነከሰችኝ" አሉ። ድምፃቸው እንደ ወትሮው አልነበረም። "ልጄ፣ ባሌ ከሞተ ጀምሮ እኔም በሩን ካልቆለፍኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። ላንቺ ምን እንደሚመስል ግን አላሰብኩትም።" አዲስ የተቀረጸ ቁልፍ አወጡ። "ይኸው፤ ጓጉንቸሩን አንስቼ ከውስጥም የሚከፈት ቁልፍ አስገጥሜያለሁ።"

ሀኪማ ወዲያው አልተቀበለችም። "አላድርም፤ ጠዋት መጥቼ ማታ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ። ፀጉሯንም አሳጥረን እንቆርጠዋለን፤ ለእርስዎም ለማበጠር ይቀልልዎታል።"

"እሺ።"

"እንግዳ ሲመጣም ማንም አያጎርሳትም።"

"እሺ አልኩ እኮ!" አሉ ወይዘሮ ሥርጉት፤ ሁለቱም ሳቅ አመለጣቸው።

ሀኪማ ተመለሰች። ፍርሃቱ ግን ቁልፍ ስለያዘች ብቻ አልለቀቃትም። ወይዘሮ ሥርጉት በወጡ ቁጥር ሄዳ በሩን ከፍታ ታያለች፤ ትዘጋለች፤ ሰሃን እያጠበች ሳለ ደግሞ እጇን አድርቃ ተመልሳ ትከፍታለች።

አንድ ረፋድ ላይ ሉሉን በሻሹ ማሰሪያ ደረቷን አስራ ይዛት ወጣች። ሉሉ ደጃፉ ላይ ስትደርስ ግን ቁጭ አለች። ያ ሁሉ ጊዜ በክፍተቱ ስትጮህበት የኖረችው መንገድ ፊት ለፊቷ ተዘርግቷል፤ እሷ ትንቀጠቀጣለች። ሀኪማ አልጎተተቻትም። ጋሽ ዱጉማ ከመጋዘኑ በር ወንበር አምጥተውላት አጠገቧ ተቀመጠች። መኪኖቹ አለፉ፤ አንድ ጋሪ አለፈ። ከብዙ ቆይታ በኋላ ሉሉ ተነስታ አንድ የፊት እግሯን አስፋልቱ ላይ አሳረፈች፤ አሸተተች፤ መልሳ የሀኪማ ቀሚስ ስር ገባች።

"ነገ ደግሞ እንሞክራለን" አለቻት ሀኪማ፤ አቅፋትም ገባች።